የሊቅ ቃልና የአንድ ቍጥር ምስክርነት

የነገሥታትና የጦር አለቆች፥ የሊቃውንትና የደራሲያን ታሪክ በየጊዜው ይጻፋል። የቍጥር ታሪክ ግን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቍጥር የማይወለድና የማይሞት፥ የማይሾምና የማይሻር ስለ ሆነ ታሪክ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ቍጥሩ ራሱ ባይለወጥም ሰዎች ስለ እርሱ ያላቸው አሳብ ይለወጣል፤ አንዳንዱም ቍጥር የታላላቅ ሰዎችን ብርታትና ድካም እንደ መስተዋት ያሳያል። ከዚህ ቀጥሎ ታሪኩን የምንተርክለት ቍጥር ከእነዚህ አንዱ ነው። በተለመደው አኃዝ ሲጻፍ 4,294,967,297 ነው፤ በቃል ሲነበብም አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይባላል። በግዕዝ አኃዝ ለመጻፍ የፈለገ ሰው ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ብሎ ይጽፈዋል።

ስለዚህ ቍጥር አንድ ታላቅ ሊቅ በ1640 ዓ.ም. አንድ ቃል ተናገረ። ቃሉም ስሕተት ነበር። ስሕተቱን ለመግለጥ የሚያስፈልገው አንድ የማካፈል ሒሳብ ብቻ ሲሆን፥ ያን ሒሳብ ሠርቶ በግልጽ የሚያሳይ ሰው እስኪገኝ ድረስ 92 ዓመት አለፈ። ይህ ስለ ምን ሆነ? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። ለይተን ካላመለከትን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብቸኛና ተከፋይ

ታሪኩን ለመከተል አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1 የሚበልጡ ሙሉ ቍጥሮች ሁሉ በሁለት ወገን ይመደባሉ። የመጀመሪያው ወገን ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ትራፊ የሚያካፍለው ሌላ ቍጥር የሌለው ነው፤ 2፥ 3፥ 5፥ 7፥ 11፥ 13 የመሳሰሉት ከዚህ ወገን ናቸው፤ ብቸኛ ቍጥሮችም ይባላሉ። ሁለተኛው ወገን ከእርሱ የሚያንሱ ቍጥሮች ተባዝተው የሚያስገኙት ነው፤ 6 ከ2ና ከ3፥ 15 ከ3ና ከ5፥ 91 ደግሞ ከ7ና ከ13 ይገኛል። ይህን ሁለተኛውን ወገን ተከፋይ ቍጥር እንለዋለን።

ኤውክሊድስ የተባለው የግሪክ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ያህል አስቀድሞ ብቸኛ ቍጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው አስረድቷል። ይሁን እንጂ የሚገኙበት ቦታ ግልጽ ሥርዐት የለውም። አንድ ጊዜ ተቀራርበው፥ አንድ ጊዜ ተራርቀው ይታያሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ብቸኛ ቍጥርን ብቻ የሚያስገኝ አንድ ደንብ ማግኘት የብዙ ሊቃውንት ምኞት ሆኖ ኖረ። ያን ደንብ አገኘሁ ብሎ ያመነው ሰው ፒየር ዴ ፌርማ ነው።

ቍጥር የሚወድ ዳኛ

ፌርማ የፈረንሳይ አገር ሰው ነው። መተዳደሪያው የሒሳብ ትምህርት አልነበረም፤ ከ1631 ጀምሮ በ1665 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በቱሉዝ ከተማ በነበረው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመንግሥት ዳኛና አማካሪ ነበር። ቍጥርን የሚመረምረው ከሥራው በሚተርፈው ሰዓት ነው። በዚያ ዘመን የሊቃውንት መጽሔት ገና አልተጀመረም ነበርና ያገኘውን ሁሉ በደብዳቤ ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። ብዙዎቹ ደብዳቤዎችም በፓሪስ በሚኖረው በመነኵሴው በማሪን መርሴን እጅ ያልፉ ነበር። ከሚጻጻፋቸው ሰዎች አንዱ ፍሬኒክል ዴ ቤሲ ይባላል፤ እርሱም በፓሪስ በገንዘብ ቀረጻ ጉዳይ ፍርድ ቤት አማካሪ የነበረ፥ በሒሳብ ፍጥነቱ የታወቀ ሰው ነው።

በ1640 በኦገስት ወር ፌርማ ለፍሬኒክል አንድ አዲስ ነገር ጻፈ። ነገሩም እንዲህ ነው። ከ2 እንነሣና እያንዳንዱን ቍጥር በራሱ እያባዛን እንሂድ፤ 2፥ 4፥ 16፥ 256፥ 65,536፥ 4,294,967,296 እናገኛለን። አሁን በእያንዳንዱ ላይ አንድ እንጨምር፤ 3፥ 5፥ 17፥ 257፥ 65,537፥ 4,294,967,297 ይሆናሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእርግጥ ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው። ፌርማ ግን በአምስቱ አልቆመም። በዚህ መንገድ የሚገኙት ቍጥሮች እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉም ብቸኛ ናቸው የሚል እምነት አደረበትና ስድስተኛውን፥ እርሱንም የሚከተለውን 18,446,744,073,709,551,617ን ሳይቀር በዝርዝሩ ውስጥ አስገባቸው።

ለፌርማ ክብር ሲባል መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ማስረጃ እንዳላገኘ በግልጽ ተናግሯል፤ ብዙ አካፋዮችን ማስወገዱን ብቻ ገልጾ አሳቡ እውነት እንደሚመስለው አመለከተ። በ1654 ለብሌዝ ፓስካል ሲጽፍም ማስረጃው ገና እንዳልተገኘ አልሸሸገም። ነገር ግን ሰው አንድን አሳብ ለረጅም ጊዜ ሲወደው ግምቱ ቀስ በቀስ እውቀት ይመስለዋል። በ1659 ያገኛቸውን ነገሮች ሁሉ ጠቅለል አድርጎ ለካርካቪ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ይህን አሳብ መንገዳቸው ከተገኘላቸው እውነቶች ጋራ አብሮ ቈጠረው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ይመስለኛል» የነበረው «ነው» ወደ ማለት ተለወጠ። በመካከሉ ግን ስለ ቍጥሩ የተጨመረ አንድም ማስረጃ አልነበረም።

ስለ ምን አልተመረመረም

ለመሆኑ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህን ቍጥር ማካፈል ያቃተው ስለ ምንድን ነው? ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት አስፈሪ ነው። አንድ ቍጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ተራው መንገድ በራሱ ሲባዛ ያን ቍጥር እስከሚያህለው ድረስ ባሉት ብቸኛ ቍጥሮች ሁሉ መሞከር ነው። 65,537ን ለመመርመር ከ256 በታች ያሉትን 54 ብቸኛ ቍጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ይህም የአንድ ቀን ሥራ ነው። የሚቀጥለውን ለመመርመር ግን ከ65,536 በታች ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቍጥሮች መሞከር ሊያስፈልግ ነው። በላባ ብዕርና በሻማ ብርሃን ለሚሠራ ሰው ይህ የወራት ድካም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይበልጥ የከበደ ይመስለናል። እርሱም የሊቁ ስም ነው። ፌርማ በቍጥር ነገር ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ የላቀ ነበር፤ ያለ ማስረጃ ከተናገራቸውም ቃሎች አብዛኞቹ ኋላ ሲመረመሩ እውነት ሆነው ተገኝተዋል። ብዙ ጊዜ እውነት የተናገረ ሰው አንድ ጊዜ ሲሳሳት የሚጠረጥረው የለም። ፈጣን የተባለው ፍሬኒክልም ስሕተቱን አላወጣውም። ቃሉ ከደብዳቤ ወደ ደብዳቤ ተላለፈ፤ ዕድሜ በጨመረ ቍጥርም ክብር ጨመረ።

ከሞስኮ የመጣ ጥያቄ

ፌርማ ከሞተ 64 ዓመት ካለፈ በኋላ በ1729 ዲሴምበር 1 ቀን በሞስኮ ይኖር የነበረው ክርስቲያን ጎልድባኽ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ አንድ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው የተላከለት ሰው ከስዊስ አገር ከባዝል ከተማ መጥቶ በዚያው በሳይንስ አካዳሚ ያገለግል የነበረው ወጣቱ ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። ጎልድባኽ በደብዳቤው ግርጌ፥ ፌርማ ስለ እነዚህ ቍጥሮች የተናገረውን ታውቃለህን፤ እርሱም አላስረዳውም፥ ሌላም ሰው ያስረዳው መኖሩን አልሰማሁም የሚል አሳብ ያለው ጥቂት ቃል ጨመረበት።

ኦይለር በመጀመሪያ ለነገሩ ብዙ ዋጋ አልሰጠውም። ጎልድባኽ ግን ወዳጁን መወትወት አልተወም። በ1730ም ስለ እነዚህ ቍጥሮች አንድ ያማረ ነገር አሳየ። ከመጀመሪያው እስከ ፈለጉት ድረስ ያሉትን የፌርማ ቍጥሮች ቢያባዙና በብዜቱ ላይ 2 ቢጨምሩ የሚቀጥለው የፌርማ ቍጥር ይገኛል። ለምሳሌ 3 በ5 ሲባዛ 15 ነው፤ 2 ሲጨመርበት 17 ይሆናል። 3፥ 5ና 17 ሲባዙ 255 ይሆናሉ፤ 2 ሲጨመር 257 ነው። አምስቱ ሁሉ ሲባዙ 4,294,967,295 ይሆናሉ፤ 2 ሲጨመርበት የእኛ ቍጥር ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ከአምስቱ አንዱም የእኛን ቍጥር ሊያካፍል እንደማይችል ይታወቃል፤ በማናቸውም ቢካፈል 2 ይተርፋልና።

ኦይለርም ነገሩን ያዘው፤ ከያዘውም በኋላ አልለቀቀውም። በ1732 በሴፕቴምበር 26 ቀን፥ በ25 ዓመቱ፥ ለአካዳሚው ባቀረበው አጭር ጽሑፍ 4,294,967,297 ለ641 ያለ ትራፊ እንደሚካፈል አስታወቀ። ድርሻውም 6,700,417 ነው። የዘጠና ሁለት ዓመት እምነት በአንዲት የሦስት አኃዝ ቍጥር ፈረሰ። አንባቢ ቃላችንን ሳያምን ራሱ 6,700,417ን በ641 አባዝቶ ቢያየው የዚህን ጽሑፍ አሳብ በሚገባ ይፈጽማል።

የትራፊ ጥበብ

ኦይለር 641ን እንዴት አገኘው? ሁሉን ቍጥር በየተራ ሞክሮ አይደለም። መንገዱን በ1750 በታተመ ሌላ ጽሑፉ ገልጦታል፤ መሠረቱም የትራፊ ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህራን በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ያካፍሉና ድርሻውን ትተው ትራፊውን ይይዛሉ። በእኛ አቈጣጠር በ2000 ዓመተ ምሕረት ዓመተ ዓለሙ 7,500 ነበር፤ ይህም ለ19 ሲካፈል 394 ደርሶ 14 ይተርፋል፤ ከ14 አንድ ሲቀነስ የዚያ ዓመት ወንበር 13 ሆነ። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በአንድ ትንሽ ትራፊ ተወከለ ማለት ነው። 19 ዓመት ሲፈጸም ዐውዱ ዞሮ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

የእኛንም ቍጥር በዚህ ዐይን እንመልከተው። 16 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ 65,536 ይሆናሉ። ይህ ለ641 ሲካፈል 102 ደርሶ 154 ይተርፋል። 32 ሁለቶች ሲባዙ የሚገኘው ይኸው 65,536 በራሱ ሲባዛ ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ቍጥር ትተን ትራፊውን 154ን በራሱ ብናባዛ ይበቃል፤ 23,716 ይሆናል። ይህ ደግሞ ለ641 ሲካፈል 36 ደርሶ 640 ይተርፋል። እንግዲህ የ4,294,967,296 ትራፊ 640 ነው። የእኛ ቍጥር ከዚህ በአንድ ይበልጣል፤ 640ና 1 ሲደመሩ 641 ሆኑ፤ ምንም ትራፊ አልቀረም። አንድ ተማሪ በሩብ ሰዓት ሊሠራው ይችላል።

641 የተመረጠበትም ምክንያት በዚሁ ይታወቃል። 2ን እየደጋገሙ አባዝተው በአንድ ብቸኛ ቍጥር ሲያካፍሉ ትራፊዎቹ እንደ ዐውድ ይዞራሉ። ለምሳሌ አካፋዩ 7 ቢሆን ትራፊዎቹ 2፥ 4፥ 1፥ 2፥ 4፥ 1 እያሉ በየ3 ይመለሳሉ። ከ2 በስተቀር ለማንኛውም ብቸኛ ቍጥር የዐውዱ ርዝመት ከዚያ ቍጥር በ1 የሚያንሰውን ቍጥር ያለ ትራፊ ያካፍላል፤ 3 ከ7 በ1 የሚያንሰውን 6ን እንደሚያካፍል ማለት ነው። አሁን አንድ ብቸኛ ቍጥር 4,294,967,297ን ቢያካፍል የ32 ሁለቶች ብዜት ትራፊው ከአካፋዩ በ1 ያንሳል፤ የ64 ሁለቶች ግን 1 ይሆናል። እንግዲህ ዐውዱ 64ን የሚያካፍል፥ 32ን ግን የማያካፍል መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለው ደግሞ 64 ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛን ቍጥር ሊያካፍል የሚችል ብቸኛ ቍጥር ሁሉ ከ64 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት።

እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቍጥሮች በቅደም ተከተል 193፥ 257፥ 449፥ 577፥ 641 ናቸው። 257 ራሱ የፌርማ ቍጥር ስለ ሆነ በጎልድባኽ ነገር ይወገዳል። የቀሩት አራት ናቸው፤ አራተኛውም 641 ነው። ስድስት ሺህ አምስት መቶ አርባ ሁለት ሙከራ ያስፈልገዋል ተብሎ የተፈራው ሥራ በአራት የማካፈል ሒሳብ አለቀ። ኋላ በ1878 ኤድዋር ሉካ የተባለው ፈረንሳዊ አካፋዩ ከ128 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን እንዳለበት ስላሳየ ሥራው ከዚህም አጠረ።

ቍልፉ በእጁ የነበረ ሰው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ገና አልተነገረም። ስለ ትራፊዎች ዐውድ ከላይ የጠቀስነው ደንብ የማን ነው? የራሱ የፌርማ ነው! በዚያው በ1640 በኦክቶበር 18 ቀን ለዚያው ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ ገልጦታል፤ ኦይለር በ1736 ማስረጃውን ሰጠው እንጂ ደንቡን አላመነጨውም።

ከዚህም በላይ ፌርማ በዚህ መንገድ ሠርቶበታል። በዚያው ዓመት በጁን ወር 37 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 137,438,953,471 ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ሲመረምር፥ ከ74 ብዜት በ1 የሚበልጡትን ብቸኛ ቍጥሮች ብቻ እየመረጠ ሞከረ፤ እነርሱም መጀመሪያ 149፥ ቀጥሎ 223 ናቸው። 223 ቍጥሩን ያለ ትራፊ አካፈለው። ከእኛ ቍጥር ሠላሳ ሁለት ጊዜ የሚበልጠውን ቍጥር በሁለት ሙከራ የፈታ ሰው፥ ከሁለት ወር በኋላ በትንሹ ቍጥር ፊት ቆሞ አለፈው። ምናልባት 641ንም ሞክሮ በማካፈሉ ላይ አንድ አኃዝ ስቶ ይሆናል የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ አንድ ጊዜ ተመልሶ አለማየቱ ዋጋ አስከፈለው።

ዳኛ ነበርና ያለ ማስረጃ ፍርድ እንደማይሰጥ ያውቅ ነበር። ለቱሉዝ ባለጉዳዮች የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለገዛ አሳቡ ቢያደርገው ኖሮ የ641ን ክብር ለራሱ ባስቀረ ነበር። ሰው የሌላውን ቃል ሲመረምር ብርቱ፥ የራሱን ሲመረምር ግን ደካማ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከየትኛው ወገን ነው?

ቍጥሩ ከክብሩ ከወረደ በኋላ ማዕረጉ ምን ሆነ? የዛሬ ሒሳብ አዋቂ መዝገቡን ቢከፍት የሚያገኘው እንዲህ ያለ ነው።

ጎዶሎ ቍጥር ነው፤ ተከፋይም ነው። የሚገኘው ከሁለት ብቸኛ ቍጥሮች ብቻ ነው፤ 641ም 6,700,417ም ከዚያ ወዲያ አይከፈሉም። ሁለቱ የተለያዩ ስለ ሆኑ ከ1 በቀር በራሱ የተባዛ ቍጥር አያካፍለውም። የጥንት ግሪኮች ቍጥሮችን በአካፋዮቻቸው ድምር እየመዘኑ ጐደሎ፥ ፍጹምና ትርፍ ብለው ይከፍሏቸው ነበር፤ 6 ፍጹም ነው፥ አካፋዮቹ 1፥ 2ና 3 ሲደመሩ ራሱን 6ን ይሰጣሉና። በዚህ ሚዛን የእኛ ቍጥር እጅግ ጐደሎ ነው፤ ከእርሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ 1፥ 641ና 6,700,417 ሲደመሩ 6,701,059 ብቻ ይሆናሉ።

ሌላም መልክ አለው። 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 በራሱ ተባዝቶ ሲደመርበት የእኛ ቍጥር ይገኛል፤ ይህ ከአፈጣጠሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን 62,264 በራሱ ተባዝቶ 20,449 በራሱ ተባዝቶ ሲደመርበትም ይኸው ቍጥር ይገኛል። ኦይለር ኋላ እንዳስረዳው አንድ ብቸኛ ቍጥር እንዲህ ባለ ሁኔታ በሁለት መንገድ ሊገኝ አይችልም። ይህም ተከፋይነቱን 641ን ሳይጠሩ የሚመሰክር ሁለተኛ ምስክር ነው።

በመጨረሻም ብቸኛ መሳይ ከሚባሉት ወገን ነው። የፌርማን ደንብ መልሰው መፈተኛ አድርገው በ2 ቢሞክሩት ቍጥሩ እንደ እውነተኛ ብቸኛ ቍጥር ትራፊ 1 ሰጥቶ ፈተናውን ያልፋል። በ2 ፋንታ 3 ይዘው ቢፈትኑት ግን ወዲያው ይጋለጣል፤ በ1877ም ፔፔን የተባለው ፈረንሳዊ ለፌርማ ቍጥሮች የማያሳስት ፈተና ሠርቷል። አንድን ነገር በሚወደው ጥያቄ ብቻ መፈተን ፈተና አይደለም።

የስሕተት ፍሬ

ከዚህ በኋላ ቍጥሩ የታወቀ መፈተኛ ሆነ። በ1812 ዜራ ኮልበርን የተባለ አሜሪካዊ ልጅ የሒሳብ ችሎታውን ለማሳየት ወደ ሎንዶን በመጣ ጊዜ ይህ ቍጥር ቀርቦለት አካፋዮቹን በቃሉ አስልቶ እንደ ተናገረ በጊዜው ተጽፏል። የቀጣዩንም ቍጥር ምሥጢር ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ1880 በሽምግልናው ገለጠው፤ 274,177 የሚያካፍለው ሆኖ ተገኘ። በዝርዝሩ ከስድስተኛው ጀምሮ ሃያ ስምንት ተከታታይ የፌርማ ቍጥሮች ሁሉ ተከፋይ መሆናቸው ዛሬ ታውቋል። ፌርማ ሁሉም ብቸኛ ናቸው ካላቸው ውስጥ ብቸኛ ሆነው የተገኙት እርሱ ራሱ የሚያውቃቸው አምስቱ ብቻ ናቸው።

ይሁንና አሳቡ ከንቱ ሆኖ አልቀረም። በ1796 በማርች 30 ቀን ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ የተባለ ገና 19 ዓመት ያልሞላው የብራውንሽቫይግ ወጣት 17 እኩል ጎን ያለው ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊነደፍ እንደሚችል አገኘ። ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ማንም ያልጨመረበት ነገር ነበር። የነገሩም ቍልፍ የፌርማ ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው፤ የጎኑ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ቅርጹ የሚነደፈው ያ ብዛት ከተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቍጥሮች ሲገኝ ነው፤ ሌላ መንገድ አለመኖሩን በ1837 ቫንትዜል አረጋገጠ። ስለዚህ 4,294,967,295 ጎን ያለው ቅርጽ በሕጉ ሊነደፍ ይቻላል፤ ከእርሱ በ2 ብቻ የሚበልጠው የእኛ ቍጥር ግን አይቻልም። በዘመናችንም 65,537 በኮምፒውተር የሚላክ ምሥጢር በሚቈለፍበት ሒሳብ ያገለግላል፤ 4,294,967,296 ደግሞ 32 የኮምፒውተር ቦታዎች፥ እያንዳንዱ 0 ወይም 1 እየያዘ፥ ሊሰጡ የሚችሉት የልዩ ልዩ ምልክት ብዛት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ፍሬ ግን ይህ ነው። ኦይለር ለቍጥር ነገር ንቁ የሆነው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ፌርማ ግምቱን ሸሽጎ ቢሆን ኖሮ የሚመረምረው ባልተገኘ ነበር። በግልጽ የተነገረ ስሕተት መርማሪ ያገኛል፤ የተሸሸገ እውነት ግን ለማንም አይጠቅምም።

ማጠቃለያ

አምስት ጊዜ እውነት ሆኖ የታየ ነገር ስድስተኛ ጊዜ ሐሰት ሊሆን ይችላል። መምህር በሰሌዳው ፊት፥ ሹም በመዝገቡ ፊት ይህን ቢያስታውስ ይጠቀማል። አንድ አኃዝ በአንድ ጽሕፈት ቤት ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ ዓመታት ያልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ የተከበረ ሰው ስለ ነበረ ማንም ደግሞ አይደምረውም። በዚያ አኃዝ የሚሠራ ሥራ ሁሉ በስሕተቱ ላይ ይሠራል። ስሕተቱን ለማውጣት የሚያስፈልገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ጥበብ ሳይሆን አንድ ድምር ወይም አንድ ማካፈል፥ ይህንም ለማድረግ የሚደፍር አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ድፍረት ሊቅን መናቅ አይደለም። ኦይለር ፌርማን አልናቀም፤ በዕድሜው ሙሉ የፌርማን ቃሎች አንድ በአንድ እያነሣ ሲያስረዳ ኖረ። ሊቅን በእውነት የሚያከብረው ቃሉን የሚመረምርለት ነው።

ትምህርቱም ሳይዘነጋ የቀረ ይመስላል። ያው ጎልድባኽ በ1742 ለኦይለር በጻፈው ሌላ ደብዳቤ ከተነሣው ጥያቄ፥ ከ2 የሚበልጥ ሙሉ ቍጥር ሁሉ፥ ጎዶሎ ካልሆነ፥ የሁለት ብቸኛ ቍጥሮች ድምር ነው የሚል አሳብ መጣ። በዘመናችን ኮምፒውተሮች እስከ 4,000,000,000,000,000,000 ድረስ መርምረው አንድም የሚያፈርሰው አላገኙም። ይህም ሆኖ አንድም የሒሳብ ሊቅ ነገሩ ተረጋግጧል አይልም፤ ስሙም እስካሁን የጎልድባኽ ግምት ነው። ፌርማ በአምስት ምስክር ያመነውን ዛሬ በዚህን ያህል ምስክር እንኳ ማመን ቀርቷል። 641 ለዓለም ያስተማረው ትሕትና ይህ ነው።